አባታችን አስከሬኔ ይቃጠል ብለዋል፤ ስንብቱን እንዴት እናሰናዳ?

ጥያቄ

«አባታችን 78 ዓመታቸው ነው። ሐኪሞቹ የቀራቸው ጊዜ በሳምንታት የሚቆጠር እንደሆነ ነግረውናል። ከሦስት ዓመት በፊት በእጃቸው ጽፈው ‹ስሞት አስከሬኔ ይቃጠል› ብለዋል፤ ዛሬም ቃላቸውን አልለወጡም። ቤተሰቡ ግን አንድ ልብ አልሆነም። ታናሽ ወንድሜ ፊታቸውን አይቼ ካልተሰናበትኩ አይሆንልኝም ይላል። እናታችን ሣጥኑ እሳት ውስጥ ሲገባ ለማየት አቅም የለኝም ትላለች፤ ጸሎት ይደረግላቸው እንደሆነም ትጨነቃለች። እህቴ ባሕር ማዶ ናት። ከሥራዋ ፈቃድ የምታገኘው አንድ ጊዜ ብቻ ስለሆነ ለስንብቱ ቀን ልጠብቅ ወይስ አሁን ልምጣ እያለች ትጠይቀኛለች። አባቴ ደረታቸው ውስጥ የልብ መሣሪያ አላቸው። ልጆቼ የ6 እና የ10 ዓመት ናቸው፤ ምን ብዬ ልንገራቸው? አመዱንስ ምን እናደርገዋለን? የቱን አስቀድመን የቱን እናስከትል?»

ታላቅ ልጅ

መልስ

ውድ ታላቅ ልጅ፣

አባትዎ በሕይወት ሳሉ መጠየቅዎ መልካም ነው። ከምንነግርዎ ነገር ብዙው የሚሠራው አሁን ነውና።

ነገሩ ሁሉ በአንድ ነጥብ ይያያዛል። መቃብር ካስፈለገ ይከፈታል፤ እሳት ግን የወሰደውን አይመልስም። ስለዚህ አስከሬኑን የሚፈልግ ጉዳይ በሙሉ፣ ማየቱ፣ መንካቱ፣ መሳሙ፣ የሕክምና ምርመራው፣ የልብ መሣሪያውን ማውጣቱ፣ ቀለበቱን መረከቡ፣ ከፀጉራቸው ጥቂት ቆርጦ ማስቀረቱ፣ ከቃጠሎው በፊት ማለቅ አለበት። ለዚህ ያላችሁ ጊዜ ደግሞ በቀናት የሚለካ ነው። አመዱ ብቻ የሚበቃው ነገር ግን አይቸኩልም። መታሰቢያው፣ ማረፊያ ቦታው፣ ለልጆች የሚካፈለው ነገር፣ ሁሉም ሳምንትም ወርም ይቆይላችኋል። ብዙ ቤተሰብ የሚጎዳው ይህን ገልብጦ ሲይዘው ነው፤ አመዱ የት ይረፍ በሚል ክርክር ይሰነብትና ፊታቸውን የማየቱ ቀን ያመልጠዋል።

የደቡብ አፍሪካው ሊቀ ጳጳስ ዴዝሞንድ ቱቱ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 26 ቀን 2021 ሲያርፉ የተደረገው በዚሁ ቅደም ተከተል ነው። አስከሬናቸው የገመድ እጀታ ባለው ተራ የጥድ ሣጥን ሆኖ በኬፕታውን ቅዱስ ጊዮርጊስ ካቴድራል ለስንብት ተቀመጠ፤ ሕዝቡ እየመጣ ተሰናበታቸው። ጃንዋሪ 1 ቀን 2022 ጸሎቱ ሣጥኑ ባለበት ተደረገ። በማግሥቱ ቤተሰቡ ብቻ በተገኘበት አመዳቸው እዚያው ካቴድራል ውስጥ አረፈ። መጀመሪያ ሰውየው ካሉበት የሚደረገው፣ ቀጥሎ አመዱ፣ በመጨረሻም ማረፊያው። እናንተም ስንብቱን በሁለት ክፈሉት፤ ከእሳቱ በፊት ለወንድምዎና ለእናትዎ፣ ከእሳቱ በኋላ ለሰው ሁሉ።

አሁን፣ አባትዎ እያሉ

እህትዎ ያላት አንድ ፈቃድ ብቻ ከሆነ አሁን ትምጣ። ይህን በግልጽ የምንለው የስንብቱ ቀን ስለሚንቀሳቀስ ነው፤ የአባትዎ ቀን ግን አይንቀሳቀስም። እጃቸውን ይዛ፣ ድምፃቸውን ሰምታ፣ ማለት የምትፈልገውን ብላ ትመለስ። በስንብቱ ዕለት በቪዲዮ ትከታተላለች፤ መታሰቢያው ደግሞ እሷ ዳግመኛ መምጣት በምትችልበት ጊዜ ይሁን። አስከሬኑን ለእሷ ብሎ ሦስት ሳምንት ማቆየት ይቻላል፣ ግን ማቀዝቀዣ ክፍሉ በየቀኑ ያስከፍላል፣ ፊታቸውም በየቀኑ ይለወጣል። ያን ያህል ጠብቃ የምታየው ፊት የምታውቀው ፊት ላይሆን ይችላል።

የልብ መሣሪያው የትኛው ዓይነት እንደሆነ ሐኪማቸውን ነገ ይጠይቁ። ፔስሜከር የሚባለው ልብ ሲዘገይ በትንሽ ምት የሚያግዝ ነው፤ በመጨረሻው ሰዓት አያሠቃይም፣ ብዙውን ጊዜ ማጥፋትም አያስፈልግም። ዲፊብሪሌተር የሚባለው ግን ምቱ ክፉኛ ሲዛባ በኤሌክትሪክ ንዝረት በኃይል የሚመታ ነው። ሁለቱንም ሥራ የሚሠራም አለ። ሰው በሚያርፍበት ሰዓት የልብ ምት ይዛባል፤ የመምቻው ክፍል ካልተዘጋ መሣሪያው ሊያተርፋቸው ብሎ ደጋግሞ ሊመታቸው ይችላል። ለእሳቸው ሥቃይ ነው፤ አጠገባቸው ላለ ሰውም የማይረሳ ነገር ነው። መዝጋቱ ቀዶ ጥገና አይፈልግም። ባለሙያው ከውጭ ሆኖ በማስተካከያ ማሽኑ ጥቂት ደቂቃ ውስጥ ይዘጋዋል፤ አፋፍ ላይ ከተደረሰ በደረት ላይ የሚቀመጥ ልዩ ማግኔትም በአብዛኞቹ ላይ የመሣሪያውን የኤሌክትሪክ ምት ያግዳል። ይህን ውይይት ሐኪሙ እስኪያነሣው አይጠብቁ፤ ብዙ ጊዜ ይረሳል።

ቀጥሎ ያ በእጃቸው የጻፉት ወረቀት አለ። በብዙ አገር ሟች ‹አቃጥሉኝ› ብሎ መጻፉ ምኞቱን ያስታውቃል እንጂ ቤተሰቡን በሕግ አያስገድድም፤ ፈራሚው በሕይወት ያለው የቅርብ ዘመድ ወይም ኑዛዜ አስፈጻሚው ነው። በሌላ አገር ደግሞ በምስክር ፊት የተፈረመ ከሆነ ይጸናል። የሚኖሩበት አገር ሕግ የትኛው እንደሆነ ከማቃጠያ ድርጅቱ አስቀድመው ይጠይቁና ወረቀቱን በዚያ መሠረት ያድሱት። ቀኑን፣ ፊርማቸውን፣ የምስክሮችን ስም፣ አስከሬናቸውን በተመለከተ የሚወስነው ማን እንደሆነ፣ አመዱም የት እንዲያርፍ እንደሚፈልጉ ይያዝ። ኑዛዜ ውስጥ ታሽጎ ካዝና ውስጥ የተቆለፈ ወረቀት ከንቱ ነው፤ የሚከፈተው ሁሉም ነገር ካለፈ በኋላ ነውና። አንድ ቅጂ እርስዎ ዘንድ፣ አንድ ቅጂ ወንድምዎ ዘንድ ይኑር።

ወንድምዎን ተከራክሮ ለመርታት አይሞክሩ፤ አባትዎ ራሳቸው ይንገሩት። እኩል ደረጃ ያላቸው ልጆች ሲጣሉ ማቃጠያ ድርጅቶች ሥራውን ያቆማሉ፤ ስምምነት ወይም የፍርድ ቤት ትእዛዝ እስኪመጣ አስከሬኑ በማቀዝቀዣ ይሰነብታል። ምክንያታቸው ግልጽ ነው፤ ኋላ ተሳስተናል ቢባል የሚታረም ነገር የለም።

ካረፉ በኋላ ያሉት ቀናት

መጀመሪያ የሚያስፈልገው የሞቱን ምክንያት የሚያረጋግጥ የሐኪም ወረቀት ነው። የቃጠሎ ፈቃድ ከቀብር ፈቃድ ይበልጥ ጥብቅ የሆነው እሳቱ ማስረጃን ጭምር ስለሚያጠፋ ነው። በብዙ ቦታ ሁለተኛ ሐኪም ወይም የአስከሬን መርማሪ ወረቀቱን ያያል፤ ከሞቱ በኋላም ቢያንስ 24 ወይም 48 ሰዓት ማለፍ አለበት የሚል ደንብ አለ። አባትዎ በሐኪም ክትትል ሥር ስለሆኑ መዘግየቱ ብዙ አይሆንም። ወድቀው ወይም በድንገተኛ አደጋ ካረፉ ግን ምርመራ ይገባል፣ ቀኑም ከእጃችሁ ይወጣል። ስለዚህ ፈቃዱ ተፈርሞ ሳይያዝ ቀን ቆርጣችሁ ለሰው አትናገሩ። በዚህ ሥራ በጣም ከተለመዱት ስሕተቶች አንዱ ይህ ነው፤ ሰው ከየአቅጣጫው መጥቶ አንድ ፊርማ ጎድሎ ይቀራል።

ቅጹን ሲሞሉ ‹በሰውነታቸው ውስጥ መሣሪያ አለ?› የሚል ጥያቄ ያገኛሉ። መልሱን አይዝለሉት። የፔስሜከርም የዲፊብሪሌተርም ባትሪ ሊቲየም ነው፤ በምድጃው ሙቀት ይፈነዳል፣ ጡቡን ይሰብራል፣ ሠራተኛም ሊጎዳ ይችላል። የአስከሬን ክፍሉ ባለሙያ በትንሽ ቅድ አውጥቶ ቆዳውን ይሰፋል፤ ልብስ ሲለብሱ አይታይም። ሕመም ማስታገሻ የሚረጭ ፓምፕ፣ ነርቭ የሚያነቃቃ መሣሪያ፣ ወይም ለካንሰር ተብሎ በሰውነት ውስጥ የተቀበረ የጨረር ፍሬ ካለም እንዲሁ ይነገር። የዳሌና የጉልበት መተኪያ ብረት ግን ችግር የለውም።

የጋብቻ ቀለበቱ፣ ሰዓቱ፣ መነጽሩ ወጥቶ ማን እንደወሰደው በጽሑፍ ይያዝ። አብሮ የገባ ወርቅ ተመልሶ አይገኝም። ሣጥኑ ውስጥ መግባት የሚችለው በእሳት በንጹሕ የሚነድ ነገር ነው፤ ደብዳቤ፣ ፎቶግራፍ፣ አበባ፣ የጥጥ ልብስ። ጠርሙስ፣ ስልክ፣ ባትሪ ያለው ማንኛውም ነገር፣ የጎማ ሶል ያለው ጫማ አይገባም። ጎማና ፕላስቲክ ጥቁር ጭስ ያወጣሉ፣ ብርጭቆ ቀልጦ ከአጥንቱ ጋር ይጣበቃል። የልጆቹን ሥዕል ግን በደስታ ያስገቡ።

ሣጥኑ ውድ መሆን የለበትም። የሚፈለገው ጠንካራ፣ የሚነድ፣ ብረት ያልበዛበት መሆኑ ነው። ለስንብቱ የሚያምር ሣጥን ከፈለጋችሁ በኪራይ የሚሰጡ አሉ፤ ውስጡ የሚገባ ተራ የእንጨት ወይም የወፍራም ካርቶን ሣጥን አለው፣ ወደ እሳት የሚሄደው እሱ ብቻ ነው። ዋጋ ሲጠይቁ ጠቅላላ ድምር አይቀበሉ። ማጓጓዣው፣ የማቀዝቀዣው የየቀኑ ክፍያ፣ የሐኪም ወረቀቱ፣ የመሣሪያ ማውጫው፣ ሣጥኑ፣ የስንብት አዳራሹ፣ ቃጠሎው፣ የአመዱ ዕቃ፣ ለየብቻ ተጽፎ ይሰጥዎ። የማትፈልጉት ነገር ተደብቆ የሚገኘው ድምሩ ውስጥ ነው።

ለወንድምዎ

ማየቱ ይገባዋል፤ እንዲያውም በደንብ ይዘጋጅለት። አስከሬን ከ2 እስከ 4 ዲግሪ በሚሆን ማቀዝቀዣ ከተቀመጠ በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ቀናት ውስጥ እንዳይበሰብስ የሚያደርግ መድኃኒት ሳይወጋ ማየት ይቻላል። መድኃኒት የሚያስፈልገው ስንብቱ ሲራዘም ወይም ብዙ ሰው ረጅም ሰዓት የሚያያቸው ሲሆን ነው፤ ለቃጠሎው ራሱ አያስፈልግም።

ከመግባቱ በፊት ምን እንደሚያገኝ ይንገሩት። ግንባራቸውን ሲነካ ቅዝቃዜው ያስደነግጠዋል፤ የሞት ብርድ ብቻ አይደለም፣ ከማቀዝቀዣ የወጣ ብርድ ነው። በቆዳቸው ላይ እንደ ላብ ያለ ጤዛ ሊያይ ይችላል፤ ያ የክፍሉ እርጥበት በቀዝቃዛ ቆዳ ላይ ሲያርፍ የሚፈጠር ነው። ከንፈራቸው ሊጠቁር፣ ጉንጫቸው ሊጎድል፣ ጥፍራቸው ሊገረጣ ይችላል። የታችኛው የሰውነት ክፍል ላይ ደም ወርዶ የሚፈጥረው የበለዘ ቀለም አለ፤ የመታቸው ሰው የለም፣ የደሙ ክብደት ነው። ፀጉራቸውን እንደሚያበጥሩት አድርጎ የሚያሰናዳ ሰው እንዲኖር በሕይወት ሳሉ የተነሡትን አንድ ፎቶ ለባለሙያው ይስጡ። ወንድምዎ ብቻውን እንዲሆን ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይያዝለት፤ ወንበርም ይኑር። ከፀጉር ላይ ጥቂት መቁረጥ ወይም የጣት አሻራ በቀለም ማንሣት የሚፈልግ ካለ ጊዜው ያኔ ነው። ከቃጠሎ በኋላ በአመዱ ውስጥ የዘር ምርመራ የሚሆን ዲኤንኤ በተግባር አይተርፍም።

እሳቱ ውስጥ የሚሆነው

ወንድምዎም እናትዎም የሚፈሩት ያላወቁትን ነው፤ ስለዚህ እንዳለ እንንገራችሁ።

ከሣጥኑ ጋር ቁጥር የተቀረጸበት፣ ሙቀት የሚቋቋም ትንሽ የብረት ምልክት ይሄዳል። ቁጥሩ በመዝገቡ ላይ ካለው ስም ጋር አንድ ነው። ምልክቱ ከአስከሬኑ ጋር ምድጃ ይገባል፣ አብሮ ይወጣል፣ በመጨረሻም ከአመዱ ጋር ይሰጣችኋል። የምድጃው ክፍል እሳት በሚችል ጡብ የተገነባ ሲሆን አንድ ሰው ብቻ ይይዛል። ሙቀቱ በግምት ከ760 እስከ 980 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። ለአዋቂ ሰው ከአንድ ሰዓት ተኩል እስከ ሦስት ሰዓት ይፈጃል፤ እንደ ሰውነቱ፣ እንደ ሣጥኑና እንደ ምድጃው ይለያያል። ጭሱ ወደ ውጭ ከመሄዱ በፊት በሌላ ክፍል እንደገና ይነዳል።

የሚቀረው አጥንት ነው፤ በዋናነት ካልሲየም ፎስፌት። ሲወጣ አመድ አይመስልም፤ የነጣ ስብርባሪ ነው። ከቀዘቀዘ በኋላ ምስማሩና ሌላው ብረት በማግኔትና በእጅ ይለቀማል፤ አጥንቱ በመፍጫ ጥቂት ደቂቃ ይፈጫል። አመድ ብለን የምንቀበለው እሱ ነው። ክብደቱ ለአዋቂ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 3 ኪሎ ነው፤ የሚወስነውም ውፍረት ሳይሆን አጥንት ነው። ሠራተኛው ምድጃውን በጥንቃቄ ቢጠርግም በጡቡ መሐል ጥቂት ብናኝ መቅረቱ አይቀርም። ይህን ደብቆ ‹አንዲት ቅንጣት አትጠፋም› የሚላችሁን ድርጅት አትመኑት፤ በመዝገቡና በምልክቱ ግን አጥብቃችሁ ጠይቁ።

በጃፓን ከሞላ ጎደል ሁሉም ሰው የሚቃጠል ሲሆን አጥንቱ አይፈጭም። ቤተሰቡ ተሰብስቦ በረጃጅም እንጨቶች አጥንቱን እየለቀመ ወደ ዕቃው ያስገባል፤ ከእግር ጀምሮ ወደ ራስ ይሄዳሉ፣ ሟቹ በዕቃው ውስጥ ተዘቅዝቆ እንዳያርፍ ነው። እናትዎ ቃጠሎ ክብርን ያሳንሳል ብለው የሚጨነቁ ከሆነ ይህን ይንገሯቸው።

ለእናትዎ

እናትዎ እሳቱን ማየት የለባቸውም። ብዙ ማቃጠያ ቦታዎች የስንብት አዳራሽ አላቸው። ሣጥኑ ፊት ለፊት ይቀመጣል፤ ጸሎትና ንግግር ይደረጋል፤ በመጨረሻ መጋረጃ ይዘጋል ወይም ሣጥኑ በዝግታ ዝቅ ይላል። ሰው ‹አሁን እሳት ውስጥ ገባ› ብሎ የሚደነግጠው እዚህ ላይ ነው። እውነቱ ግን ከመጋረጃው ጀርባ ያለው ምድጃ አይደለም። ሣጥኑ ወደ ሌላ ክፍል ተወስዶ ወረቀቱ ዳግመኛ ይመሳከራል፤ ቃጠሎው የሚፈጸመው ከዚያ በኋላ፣ ብዙ ጊዜ በዚያው ቀን፣ አንዳንዴም በማግሥቱ ነው። መጋረጃው ራሱ የሚከብዳቸው ከሆነ አይዘጋ፤ ክፍት እንደሆነ አበባ አስቀምጠው ይውጡ። ይህን ግን አስቀድማችሁ ለአዳራሹ ኃላፊ ካልነገራችሁ እንደ ልማዱ ይዘጉታል።

በተቃራኒው ሣጥኑ ሲገባ መገኘት የሚፈልግ ልጅ ካለ ብዙ ቦታዎች ለጥቂት ሰው ይፈቅዳሉ፤ ሰዓቱ ለብቻው ይያዛል። የበሩ ድምፅ ከባድ ነው፣ የማንደጃው ድምፅም ኃይለኛ ነው። ለእናትዎ አንመክርም። ወንድምዎ ከፈለገ ግን ይግባ፤ እስከ መጨረሻው ሸኘኋቸው ማለት ለአንዳንድ ሰው እረፍት ይሰጣል።

የአዳራሹ ሰዓት አጭር ነው፤ በብዙ ቦታ ከ30 እስከ 45 ደቂቃ። መግባቱና መውጣቱም እዚያው ውስጥ ይቆጠራል። አንድ ሰው አምስት ደቂቃ ይናገር፤ ቀስ ተብሎ ሲነበብ ከ400 እስከ 500 ቃል ነው። ሦስት ተናጋሪ ካላችሁ ከዚህ በላይ አይሆንም። ንግግሩ የሚበዛ ከመሰላችሁ ለመታሰቢያው አቆዩት፣ ወይም ሁለት ተከታታይ ሰዓት ያዙ። ያለፈ ሰዓት የሚወሰደው ውጭ ቆሞ ከሚጠብቀው ሌላ ሐዘንተኛ ነው።

ጸሎቱን በተመለከተ የሃይማኖት አባታቸውን ዛሬውኑ ይጠይቁ። ኦርቶዶክስ አብያተ ክርስቲያናት በጥቅሉ ቃጠሎን አይቀበሉም፤ ሥርዓተ ጸሎቱንም ሊከለክሉ ይችላሉ። በእስልምናም የተከለከለ ነው። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን እ.ኤ.አ. ከ1963 ጀምሮ ትፈቅዳለች፤ የምትመርጠው ግን ቅዳሴው አስከሬኑ ባለበት፣ ከቃጠሎው በፊት እንዲሆን ነው፤ በ2016 ባወጣችው መመሪያም አመዱ በተቀደሰ ቦታ እንዲያርፍ እንጂ እንዳይበተን አሳስባለች። ሂንዱዎችና ሲኮች ዘንድ ደግሞ ቃጠሎው ራሱ ሥርዓቱ ነው። መልሱ ‹አይሆንም› ከሆነ አባትዎ ይህን በሕይወት ሳሉ ሰምተው እንዲወስኑ ያድርጉ። በእናትዎ እምነትና በባል ቃል መካከል ያለውን ሸክም ከሞት በኋላ እርስዎ ብቻዎን ሊሸከሙት አይገባም።

እሳት የሚለው ነገር ብቻ የሚከብዳቸው ከሆነ በአንዳንድ አገር የውኃ ዘዴ አለ፤ የቱቱም በእሱ ነበር። አስከሬኑ ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ የሚባል ኃይለኛ ኬሚካል በተቀላቀለበት የጋለ ውኃ በታሸገ የብረት ጋን ውስጥ ይቀመጣል። በ150 ዲግሪ አካባቢና በግፊት ከሆነ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ይፈጃል፤ ሙቀቱ ከቀነሰ ይረዝማል። የሚቀረው ያው አጥንት ነው፣ ደርቆ ይፈጫል፣ ከእሳቱ የበለጠ ነጭ ነው፣ መጠኑም ጥቂት ይበልጣል።

ለልጆቹ

‹ተኝተዋል› አይበሏቸው። የ6 ዓመት ልጅ ተኝተዋል የተባለ አያት ተቃጠሉ ሲባል ምን እንደሚያስብ ይገምቱት። እንዲህ ይበሉ፤ ‹አያታችሁ ሞተዋል። ሰውነታቸው አይሰማውም፣ አይበርደውም፣ አይሞቀውም፣ አያመውም። በጣም በሚሞቅ ክፍል ውስጥ ሰውነታቸው ወደ አመድ ይለወጣል፤ አመዱን እኛ እናስቀምጠዋለን።› የ10 ዓመቱ ዝርዝር ይጠይቃል፤ ይመልሱለት። መጀመሪያ መሞታቸውን፣ ሌላ ቀን ደግሞ ቃጠሎውን መንገር ይቀላል፤ ሁለቱን በአንድ ትንፋሽ አያቀላቅሉ። መገኘት ከፈለጉ ይገኙ፤ አንድ ዘመድ ግን ለእነሱ ብቻ ይመደብ፣ መውጣት ሲፈልጉ ይዟቸው የሚወጣ።

አመዱን ስትቀበሉ

የሚሰጣችሁ በፕላስቲክ ከረጢት የታሰረ፣ ስምና ቁጥር የተለጠፈበት፣ ያ የብረት ምልክት ያለው ነው፤ ከረጢቱ በተራ ሣጥን ውስጥ ይሆናል። የቃጠሎ ምስክር ወረቀቱን ሳትይዙ አትውጡ፤ ለማሳረፍም ለጉዞም ይጠየቃል።

የአመድ ዕቃ ሲገዙ በመልኩ አይመኑ፣ በሊትር ይጠይቁ። ለእያንዳንዱ ኪሎ የሰውነት ክብደት 36 ሚሊ ሊትር ያህል ይታሰባል፤ 80 ኪሎ ለነበረ ሰው ወደ 3 ሊትር የሚጠጋ ቦታ ይፈለጋል። ከበሽታው በፊት የነበረውን ክብደት ይውሰዱ፤ የከሳው ሥጋው እንጂ አጥንቱ አይደለምና። አፉ የጠበበ ዕቃ ያስቸግራል። ከረጢቱ አይገባም፤ አፉ ሰፊ፣ ጫፉ ጠባብ በሆነ ማፍሰሻ መጨመር ይኖርባችኋል። ያን ጊዜ ንፋስ የማይገባበት ክፍል፣ ጠረጴዛው ላይ ንጹሕ አንሶላ፣ በማንኪያ በዝግታ። ሻካራው ቶሎ ይወርዳል፣ ከላዩ ግን ቀጭን ነጭ ዱቄት ይነሣል፤ ለዚህ አፍና አፍንጫችሁን ሸፍኑ። ይህን አንድ ሰው ብቻውን አይሥራ። ለእህትዎ የሚለይ ካለ ከመዝጋታችሁ በፊት ይለይ፤ ለማስታወሻ አንድ ወይም ሁለት ማንኪያ ይበቃል።

ማረፊያውን በተመለከተ ምክራችን ሁሉንም አትበትኑ ነው። ሁለት ዓመት ቆይቶ እናትዎ ‹የት ሄጄ ልቀመጥ?› ሲሉ የሚጠቁሙት ቦታ ይኑር። በመቃብር ቦታ መቅበር ወይም ለአመድ በተሠራ የግድግዳ መስኮት ማኖር ይቻላል፤ መስኮቱ ጠባብ ስለሆነ የዕቃውን የውጭ ስፋትና ቁመት ከመግዛታችሁ በፊት ለኩ። ከፊሉን መበተን ከፈለጋችሁ የቦታውን ባለቤት ፈቃድ አግኙ። ንፋሱን ከጀርባ አድርጉ፤ ዕቃውን ከጉልበት በታች ዝቅ አድርጋችሁ እየተራመዳችሁ አፍስሱ። አንድ ቦታ ላይ የተገለበጠ 2 ኪሎ ነጭ ክምር ሆኖ ለወራት ይታያል። ዛፍ ልንተክልበት ካላችሁም ሥሩ ላይ አታፍስሱት፤ አመዱ ጨው የበዛበትና ከፍተኛ አልካላይን (የአሲድ ተቃራኒ) ስለሆነ ችግኙን ያደርቀዋል። በብዙ አፈር ተቀላቅሎ፣ ከሥሩ ራቅ ብሎ ይሁን።

መታሰቢያው

ቀኑን ከአራት እስከ ስምንት ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ብታደርጉት ጥሩ ነው፤ እህትዎ ከዚያ ቀድማ መምጣት ካልቻለች ግን ወራት ቢቆይም አመዱ ይጠብቃል። ከዓመት በላይ ሲቆይ ሰው ይበታተናል፣ ቤተሰቡም ቁስሉን እንደ አዲስ ይከፍታል።

ሣጥን የሌለበት ስብሰባ አንድ ችግር አለው፤ መሐሉ ባዶ ይሆናል። ሰው ወዴት እንደሚያይ፣ መቼ እንደሚያልቅ አያውቅም። ስለዚህ አንድ በእጅ የሚሠራ ነገር ይኑረው። የአመዱ ዕቃ በጠረጴዛ ላይ ከፎቷቸው ጎን ይቀመጥ፤ በመጨረሻ እርስዎና ወንድምዎ አንሥታችሁ ወደ ማረፊያው ውሰዱት፤ ሰው ሁሉ ተከትሎ አበባ ያኑር። ያ የስብሰባው መደምደሚያ ይሆናል፣ ማንም ‹አለቀ› ማለት አያስፈልገውም። ዕቃው ከባድ ነው፤ እስከነመያዣው ከ4 ኪሎ ሊያልፍ ስለሚችል ለእናትዎ ብቻቸውን አትስጧቸው፤ እጃቸውን ቢያሳርፉበት ይበቃል። ለስንብቱ ሰዓት ያልበቃው ንግግር ሁሉ እዚህ ቦታው ነው።

እህትዎ ድርሻዋን ይዛ የምትበር ከሆነ ዕቃው የእንጨት፣ የካርቶን ወይም የፕላስቲክ ይሁን። ብረትና ድንጋይ በኤክስሬይ ውስጡ አይታይም፤ የኤርፖርት ፈታሾች ደግሞ ማየት ካልቻሉ አያሳልፉም። የሞትና የቃጠሎ ምስክር ወረቀት ዋናውንና ቅጂውን ትያዝ፤ ትኬት ከመቁረጧ በፊት አየር መንገዱንና የምትገባበትን አገር ኤምባሲ ትጠይቅ፣ የተተረጎመ ወረቀት የሚፈልጉ አሉና። በእጅ ቦርሳዋ ትያዘው እንጂ ለጭነት በምትሰጠው ሻንጣ ውስጥ አትክተተው።